ፈርነሱ ይነሳል፣ እሳቱ ይያያዛል፣ ወዲያው ድርግም ይላል

ብርዱ_በዛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤታችን የጋዝ ፈርነስ (ማሞቂያው) መላ አሳጥቶኛል። ቴርሞስታቱን፣ የሙቀት መቆጣጠሪያውን፣ ከፍ ሳደርገው መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ሞተር ትነሳለች። ትንሽ ቆይቶ ያ የሚግለው ነገር ይቀላል። ከዚያ ጋዙ ቧ ይልና እሳቱ ይያያዛል። ሰማያዊ ነው፣ ጥሩ እሳት ነው። ግን አምስት ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ ድርግም! እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ድርግም። እንዲህ ሲል ቆይቶ በመጨረሻ ጭራሽ ዝም ይላል። ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ብቻ ብልጭ ብልጭ ትላለች።

ነፋሱ የሰፈሩን መብራት ካጠፋው ወዲህ ፈርነሱንና ፍሪጁን በጄነሬተር ነው የያዝናቸው። ውጭ በረዶ ነው። ልጆቹን አንድ ክፍል ሰብስበን ብርድ ልብስ ደራርበንላቸዋል። አንድ ዘመዴ በስልክ «ፕሬዠር ስዊች የምትባል አለች፣ ሁለቱን ሽቦ አገናኝና ተገላገል» አለኝ። ሽቦውን አዘጋጅቻለሁ፤ ልቤ ግን እሺ አላለኝም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ፈጠን በሉልኝ።

ዝምተኛው፦
ፍሌም ሴንሰር ነው። አውጥተህ አጽዳው። አለቀ።

የቱቦ_ሰው፦
ዝምተኛው ያለው ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ እሱኑ ይመስላል። ከሁሉ በፊት ግን ያቺን ሽቦ አስቀምጣት ወንድሜ።

መጀመሪያ ቤቱ ውስጥ ጋዝ ይሸታል ወይ? ጋዝ በራሱ ሽታ የለውም። የተበላሸ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሰው እንዲነቃ ተብሎ የሚጨመርበት ነው። ከሸተተህ መብራት አታብራ፣ የበራውንም አታጥፋ፣ ስልኩንም ውስጥ ሆነህ አትነካካ። ሰዉን ሁሉ ይዘህ ውጣና ከውጭ ደውል። የተፈጥሮ ጋዝ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ፕሮፔን ግን ይከብዳል፤ ቤዝመንት ውስጥ መሬት ለመሬት ነው የሚተኛው። ስለዚህ ፕሮፔን ያላችሁ ሰዎች ጎንበስ ብላችሁ ማሽተት አለባችሁ። ቆሞ ማሽተት አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ማለትም የዚያ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ፣ አላርም አላችሁ? ይሠራል?

አሁን ወደ ፈርነሱ። ፈርነስ ሥራውን ኬላ በኬላ ነው የሚያልፈው። ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲፈልግ በ24 ቮልት ሽቦ ቦርዱን፣ ማሽኑን የሚያዘውን ኤሌክትሮኒክስ፣ ይጠራዋል። ቦርዱ ያቺን ትንሽ ሞተር፣ ኢንዱሰሯን ያስነሳል። ሥራዋ የተቃጠለውን ጋዝ ወደ ጭስ ማውጫው መሳብ ነው። በትክክል መሳብ ስትጀምር ፕሬዠር ስዊቿ ትያያዝና «መንገዱ ክፍት ነው» ትላለች። ከዚያ ጋዙን የሚለኩሰው ኢግናይተር ይግላል። ቀጥሎ የጋዝ ቫልቩ ይከፈትና እሳቱ ይያያዛል። እሳቱ እንደተያያዘ ፍሌም ሴንሰሩ «አዎ፣ እሳት አለ» ብሎ መመስከር አለበት። ካልመሰከረ ቦርዱ ጋዙን በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይዘጋዋል፤ ምክንያቱም ያልተቃጠለ ጋዝ ቤት ውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል ብሎ ነው የሚያስበው። ሙቁን አየር ወደ ቤቱ የሚነፋው ትልቁ ብሎወር የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ያንተ ማሽን እሳቱ ድረስ ደርሷል። ይህ ማለት ፕሬዠር ስዊቿ ሥራዋን ጨርሳለች ማለት ነው። ዘመድህ እንድታገናኛት የነገረህ ያለፍከውን ኬላ ነው። አደጋው ይቅርና ጥቅምም የለውም።

አሁን መብራቷ ስንት ጊዜ ብልጭ ብላ እንደምታርፍ ቁጠርልኝ፤ የብልሽቱ ኮድ እሱ ነው። በሩን ሳትከፍት በትንሿ መስታወት ይታያል። ብሬከሩን ከማጥፋትህ በፊት ቁጠር፤ አንዳንድ ቦርድ ኃይል ሲቋረጥበት ኮዱን ይረሳዋል። የኮዱ ትርጉም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ኢንተርኔት ላይ አትፈልገው። የበሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ሰንጠረዥ አለ።

እሳት_አትንኩ፦
እኔ አልስማማም። ጋዝ ነው እኮ! ሰው ፎረም ላይ እያነበበ ጋዝ ሲፈታ ቤት ይፈነዳል። ባለሙያ ይጥራ፣ በቃ።

የቱቦ_ሰው፦
እኔም ኑሮዬ ይኸው ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው ቢጠራኝ እጠላለሁ? ግን በዚህ ብርድ ልጆች ይዞ ሌሊቱን ባለሙያ ለሚጠብቅ ሰው «ምንም አትንካ» ማለት ብቻ አይረዳውም። የሚነካና የማይነካ መለየት ነው ያለበት።

የቤቱ ባለቤት ፊልተር ይቀይራል፣ የቴርሞስታቱን ባትሪ ያያል፣ ብሬከሩን ያያል፣ የውጭ ቱቦዎቹን ከበረዶ ያጸዳል፣ የውሃ መውረጃውን ያያል። እጁ ረጋ ያለ ሰው ፍሌም ሴንሰርም ማጽዳት ይችላል። የጋዝ ቫልቩን፣ የጋዙን ግፊት፣ እሳቱ የሚነድባቸውን በርነሮች፣ የእሳቱን ሙቀት ወደ ቤቱ አየር የሚያስተላልፈውን ሂት ኤክስቼንጀር ግን አይነካም። የጋዝ ግፊት በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ለተፈጥሮ ጋዝ ከቫልቩ ወደ በርነሮቹ የሚወጣው ግፊት ብዙ ጊዜ 3.5 ኢንች የውሃ ዓምድ በሚባለው መለኪያ ነው፤ ለፕሮፔን 10 አካባቢ። ይህን ማኖሜትር፣ የግፊት መለኪያ፣ ሳይዝ በካቻቢቴ የሚያዞር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

ብርዱ_በዛ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋዝ አይሸትም፤ የተፈጥሮ ጋዝ ነው የምንጠቀመው። አላርሙ አለ፣ ቁልፉን ስጫነው ይጮሃል። ኮዱን ከሰንጠረዡ ጋር አገናዘብኩት፦ «የእሳት ምልክት አልተገኘም፣ ተቆልፏል» ነው የሚለው። ሴንሰሩን ላጽዳው ነው። የአሸዋ ወረቀት አለኝ፣ ይሆናል?

የቱቦ_ሰው፦
የአሸዋ ወረቀቱን ተወው። ዘንጉን ይቧጭረዋል፤ በተቧጨረው ላይ ቆሻሻው ቶሎ ይይዛል። ቀጭን የብረት ሱፍ ካለህ እሱ ጥሩ ነው። ከሌለህ የሰሃን ማጠቢያዋ አረንጓዴ ሻካራ ጨርቅ ትበቃለች፤ አዲስና ሳሙና ያልነካት ትሁን።

መጀመሪያ ቴርሞስታቱን አጥፋ። ቀጥሎ የፈርነሱን ኤሌክትሪክ አጥፋ፣ ማጥፊያው ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጎን ግድግዳ ላይ ነው። ከዚያ ፈርነሱ አጠገብ ጋዝ ቱቦው ላይ ያለውን እጀታ አዙረህ ዝጋው። እጀታው ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት ነው፤ መስቀለኛ ከሆነ ተዘግቷል። ማሽኑ እስኪበርድ ጠብቅ።

በሩን ስትከፍት በርነሮቹን በተርታ ታያለህ። በአንደኛው ጫፍ ኢግናይተሩ አለ፣ ሁለት ሽቦ የገባበት። እሱን እንዳትነካው፤ ተሰባሪ ነው፣ የጣት ቅባትም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። በሌላኛው ጫፍ አንድ ሽቦ ብቻ የገባበት፣ ነጭ ሸክላ አንገት ያለው ቀጭን ዘንግ አለ። ሴንሰሩ እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንዲት ብሎን ነው የሚያዘው። ሽቦውን ከጫፉ ይዘህ ንቀል፣ ብሎኑን ፍታ፣ ቀጥ አድርገህ ሳብ።

ዘንጉን ብርሃን ላይ ስታየው ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ስስ ሽፋን ይኖረዋል። ያን ያህል የቆሸሸ አይመስልም፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ብረቱ እስኪያበራ ቀስ እያልክ እሸው፣ በንጹሕ ወረቀት ጥረገው። የሸክላው አንገት ላይ ስንጥቅ ካየህ ማጽዳቱ አይጠቅምም፤ ይቀየራል። መልሰህ ስትገጥም ዘንጉን አታጣመው። ጫፉ እሳቱ ውስጥ መግባት አለበት።

ለምን እንደሚሠራም ልንገርህ፣ ወደፊት ይጠቅምሃል። ቦርዱ ወደ ዘንጉ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ይልካል። እሳት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ግን ወደ አንድ ወገን በደንብ፣ ወደ ሌላው ወገን በጥቂቱ። በዚህ የተነሳ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ እጅግ ጥቂት ከረንት ይፈጠራል፣ በማይክሮ አምፔር የሚለካ። እንደ ቦርዱ ቢለያይም ከ2 በላይ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከ1 በታች ከወረደ ብዙዎቹ ቦርዶች እሳቱን ማየት ያቅታቸዋል። ያ ከረንት በበርነሩ ብረት በኩል፣ በግራውንዱ (በመሬት ሽቦው) ዞሮ ነው ወደ ቦርዱ የሚመለሰው። የግራውንድ ብሎን ከላላ ወይም ከዛገ ሴንሰሩ ቢያበራም ዋጋ የለውም።

ሞክሬው_ነበር፦
እኔን ስሙኝ። ፈርነሴ አልፎ አልፎ እየጠፋ ሲያስቸግረኝ አንዷን ስዊች በሽቦ አገናኘኋት። ያለፈውን ክረምት በሙሉ ሠራልኝ፣ ምንም አልሆንኩም። እናንተ ታካብዳላችሁ።

የቱቦ_ሰው፦
የትኛዋን ስዊች?

ሞክሬው_ነበር፦
በርነሮቹ አጠገብ ያለችው፣ ትንሽ ቁልፍ መሃሏ ላይ አላት። ስትጠፋ ያቺን ቁልፍ እጫናት ነበር። ሲሰለቸኝ አገናኘኋት።

የቱቦ_ሰው፦
ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ፈርነሱን አጥፋው። አልቀልድም።

የነካኻት ሮልአውት ስዊች ትባላለች። እሳቱ ወደ ውስጥ መሳቡን ትቶ ወደ ፊት፣ ወደ ሽቦዎቹና ወደ በሩ ሲገነፍል ነው የምትቋረጠው። ራሷ ተመልሳ አትያያዝም፤ በእጅ ነው የምትጫነው። እንዲህ የተደረገችው ሆን ተብሎ ነው፣ ሰው መጥቶ ለምን እንደተቋረጠች እንዲያይ። እሳት ወደ ውጭ የሚገነፍለው ሂት ኤክስቼንጀሩ በጥላሸት ሲደፈን ወይም ሲሰነጠቅ፣ ወይም ጭስ ማውጫው ሲዘጋ ነው። ሦስቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ያስገባሉ። አንተ ያገናኘኸው ሽቦ ያን ሁሉ አላዳነም፣ አፉን ነው የዘጋው።

ባለሙያ አንዳንዴ ስዊች ሲያገናኝ አይታችሁ ይሆናል። ሜትር ይዞ፣ ማሽኑ ፊት ቆሞ፣ ለጥቂት ሰከንድ፣ ለምርመራ ነው። ከዚያ ሽቦውን በኪሱ ይዞት ይሄዳል። የበሩን ስዊች በፕላስተር ለጥፋችሁ የምታሠሩም አላችሁ፤ እሱም ያው ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ብሎወሩ ሲነሳ የሚስበው አየር ከበርነሮቹ አካባቢ ሊሆን ይችላል።

ሞክሬው_ነበር፦
እሺ፣ አጠፋሁት። ሰው አስጠራለሁ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን ላቋርጥ። ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስታወሩ ደነገጥኩ። የኛ ፈርነስ ይሠራል፣ ግን እሳቱ ቢጫ ነው፣ ይንቦገቦጋል። የቤቱ መስኮቶች ጠዋት ጠዋት በላብ ይርሳሉ። እኔና ልጆቹ ስንነሳ ራሳችንን ያመናል፣ ትንሿ ልጄ ያቅለሸልሻታል። ሥራ ስሄድ ይሻለኛል። ጉንፋን መስሎኝ ነበር፣ ግን ትኩሳት የለንም። አላርም የለንም። ነገ ባለሙያ ብጠራ ይሻላል?

የቱቦ_ሰው፦
እህቴ፣ ነገ አይደለም። አሁን ልጆቹን ይዘሽ ከቤት ውጪ። የፈርነሱ ማጥፊያ መንገድሽ ላይ ከሆነ አጥፊው፤ ካልሆነ ተይው። መስኮት ልክፈት ብለሽም አትቆዪ። ውጭ ሆነሽ ለእሳት አደጋ ደውዪ፣ «ራሳችንን እያመመን ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመስለኛል» በያቸው። መለኪያ ይዘው ነው የሚመጡት። ሳይለኩና ግቢ ሳይሉሽ እንዳትገቢ። ልጅሽን ሐኪም ይያት።

እሳት_አትንኩ፦
እህቴ ስትወጪ አንድ ቃል ጻፊልን። እየጠበቅን ነው።

ዝምተኛው፦
ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

ብርዱ_በዛ፦
እኔም በመሃል ሴንሰሩን አጸዳሁት። ልክ እንዳልከው ስስ ሽፋን ነበረው፤ አሁን ያበራል። የግራውንድ ብሎኗንም አየኋት፣ ጠበቅ ያለች ናት። መልሼ ገጠምኩት፣ አስነሳሁት። ያው ነው! ቦግ፣ ከዚያ ድርግም። እህታችን ግን እንዴት ሆነች?

ሽቦ_በሽቦ፦
ሰላም። እኔ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ ጋዝ ላይ ምንም አልልም። ግን ሰዎች፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ እንደገና አንብቡት እስቲ። «መብራቱ ከጠፋ ወዲህ በጄነሬተር» ይላል። ሁላችሁም ዘላችሁታል።

ብርዱ_በዛ፣ ፈርነሱ ከጄነሬተሩ ጋር በምን ተያያዘ?

ብርዱ_በዛ፦
ጎረቤቴ ከግድግዳው የሚመጣውን ገመድ ፈታና ለፈርነሱ ፕለግ ያለው ገመድ ገጠመለት። ከዚያ በኤክስቴንሽን ወደ ጄነሬተሩ። መብራት ከመጥፋቱ በፊት ፈርነሱ ደህና ነበር።

ሽቦ_በሽቦ፦
ያው እሱ ነው እንግዲህ። የቱቦ_ሰው ያን ጥቃቅን ከረንት በግራውንድ ዞሮ ይመለሳል ብሎ አስረድቶሃል። ቤትህ ውስጥ ኒውትራሉ፣ የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ፣ እና ግራውንዱ ዋናው ሰሌዳ ላይ ተያይዘዋል። ስለዚህ ቦርዱ በግራውንዱ በኩል መመለሻ መንገድ ያገኛል። ብዙዎቹ ተንቀሳቃሽ ጄነሬተሮች ላይ ግን ኒውትራሉ ከግራውንዱ ጋር አልተያያዘም፣ ተንሳፋፊ ነው። ሞተሮቹ ይሠራሉ፣ ኢግናይተሩ ይግላል፣ እሳቱም ይያያዛል፤ ምክንያቱም እነሱ ፌዝ፣ ማለትም ኃይል አምጪው ሽቦ፣ እና ኒውትራል ብቻ ነው የሚፈልጉት። ሴንሰሩ ብቻ ነው መንገድ የሚያጣው። እሳቱ እየነደደ ቦርዱ አያየውም።

በ120 ቮልት ጄነሬተር ላይ በሜትር ብትለካው ከፌዝ ወደ ኒውትራል 120 ታገኛለህ። ከፌዝ ወደ ግራውንድም 120፣ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ ደግሞ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። ኒውትራሉ ተንሳፋፊ ከሆነ ግን ሁለቱም በ60 አካባቢ ይዋዥቃሉ። ጎረቤትህ ፕለጉን ሲገጥም ፌዝና ኒውትራል አቀያይሮትም ሊሆን ይችላል። ያም ራሱ ይህንኑ ምልክት ያመጣል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ግን ኤሌክትሪሻን አጠገብህ ሆኖ ለክቶ ያድርገው። ኒውትራልና ግራውንድን ጄነሬተሩ ላይ የምታያይዝ ፕለግ አለች። ጄነሬተሩ በትራንስፈር ስዊች፣ ቤቱን ከመንገድ መስመር አላቅቆ ወደ ጄነሬተር በሚያዞረው ማብሪያ፣ ከቤቱ ሰሌዳ ጋር ከተያያዘ ግን አትገባም፤ ያኔ ማያያዣው ቤቱ ውስጥ ስላለ ሁለት ቦታ ይሆንብሃል።

ሌላም ልጠይቅህ፣ ጄነሬተሩ የት ነው የቆመው? ጋራዥ ውስጥ ወይም በረንዳ ላይ ከሆነ አሁኑኑ አውጣው። በሩ ክፍት ቢሆንም አይበቃም። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ ጭሱም ከመስኮትና ከበር ፊቱን ያዙር። ሁለት ወንድ ጫፍ ባለው ገመድ ሶኬት ላይ ሰክቶ ቤቱን በሙሉ ማብራት የሚባል ነገርም አለ፤ እሱን እንዳታስበው። መስመር ሊጠግን ፖል ላይ የወጣውን ሠራተኛ ይገድለዋል።

የቱቦ_ሰው፦
ጥሩ ዓይን ነው ሽቦ_በሽቦ። እኔ ዓይኔ ሁልጊዜ ቱቦው ላይ ነው።

ብርዱ_በዛ፦
ጄነሬተሩ ግቢው ጥግ ነው፣ ራቅ ያለ ነው። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ኤሌክትሪሻን አለ፣ ልደውልለት።

ጉርጉር_ይላል፦
እስከዚያ የኔንም እዩልኝ። የኔ ፈርነስ ነጫጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ያሉት ነው። ኢንዱሰሩ ይነሳል፣ ይጮሃል፣ ግን ምንም አይግልም። ውስጡ ውሃ እንዳለበት ጉርጉር ይላል። ኮዱ ፕሬዠር ስዊች ነው የሚለው። እኔም ሽቦ ፈልጌ ነበር፣ ውይይታችሁን ሳነብ ተውኩት።

የቱቦ_ሰው፦
ደግ አደረግህ። ያንተ ጉዳይ ከብርዱ_በዛ ይለያል፤ አንተ የቆምከው ራሱ ፕሬዠር ስዊቿ ኬላ ላይ ነው። እሷ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ አይደለችም።

ነጭ ቱቦ ያለው ፈርነስ ከ90 በመቶ በላይ ብቃት ያለው ዓይነት ነው። ጭሱን በጣም ስለሚያቀዘቅዘው በውስጡ ያለው እንፋሎት ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ያ ውሃ መውጫ ያስፈልገዋል። መውጫው ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኢንዱሰሩ እንደልቡ መሳብ ያቅተዋል፣ ስዊቿም አትያያዝም። ጉርጉርታው እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ውጭ ውጣ። ሁለቱ ቱቦዎች ግድግዳውን ወይም ጣሪያውን ወጥተው የሚያልቁበትን ቦታ እይ። በረዶ ተከምሮባቸው ይሆናል፣ ወይም አፋቸው ላይ በረዶ ግግር ሠርቷል። አጽዳው። ከዚያ ማሽኑን አጥፍተህ የውሃ ማጥመጃዋን፣ ትራፗን፣ እይ። ዝቃጭ የሞላት ከሆነች አውጥተህ እጠባት፣ ውሃ ሞልተህ መልሳት። መውረጃው ቱቦ ሙቀት በሌለበት ቦታ የሚያልፍ ከሆነ ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል። ስዊቿ ላይ የተሰካችው ቀጭን ጎማ ውስጥ ውሃ ካለም አፍስሳት። ግን ጎማዋ ስዊቿ ላይ እንደተሰካች በአፍህ አትንፋባት፤ ውስጧ ስስ ገለፈት ነው፣ ትበጥሰዋለህ።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
ወጥተናል፣ ደህና ነን። እግዚአብሔር ያክብራችሁ። እሳት አደጋዎቹ መለኪያቸውን ይዘው ገና ወደ ቤዝመንቱ ሲወርዱ ይጮህ ጀመር። ጋዙን ዘጉት። ጭስ ማውጫው መገጣጠሚያው ላይ ተላቅቆ ኖሯል፤ ጭሱ ሁሉ ቤዝመንቱ ውስጥ ነበር የሚቀረው። ልጆቹን ሐኪም አይቷቸዋል፣ ኦክስጅን ሰጥተዋቸው አሁን ይስቃሉ። እኅቴ ቤት ነን።

እሳት_አትንኩ፦
ተመስገን! ተመስገን!

የቱቦ_ሰው፦
እፎይ። እህቴ፣ ቱቦው ቢቀጠልም ፈርነሱ እንዳይነሳ። ቢጫ የሚንቦገቦግ እሳት በደንብ አልተቃጠለም ማለት ነው። ባለሙያው በርነሮቹንም፣ ሂት ኤክስቼንጀሩንም፣ የሚገባውን አየርም ማየት አለበት። አቧራ ሲነካው ብልጭ የምትል ብርቱካናማ ነጥብ ምንም አይደለችም። እሳቱ ራሱ ቢጫ ከሆነ ግን ነገር አለ። ሌላም ምልክት ልጨምር፦ ትልቁ ብሎወር ሲነሳ እሳቱ ከተወዛወዘ ሂት ኤክስቼንጀሩ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ስለ አላርም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዩኤል 2034 በሚባለው መስፈርት የተሠራ አላርም ካርቦን ሞኖክሳይዱ 70 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 70) ላይ ሲሆን የሚጮኸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። 150 ላይ ከ10 እስከ 50 ደቂቃ፣ 400 ላይ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። ስለዚህ አላርሙ ዝም አለ ማለት አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እንደ እህታችን ዓይነት ስሜት ካላችሁ አላርሙ እስኪጮኽ አትጠብቁ። አራት ጊዜ ጮኾ አረፍ፣ አራት ጊዜ ጮኾ አረፍ ካለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ውጡ። አልፎ አልፎ አንድ ጊዜ ጭው ካለ ባትሪው ወይም ዕድሜው ነው። ዕድሜው እንደ ዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፤ ጀርባው ላይ ቀን ተጽፎበታል። የሚሰቀለው መኝታ ክፍሎቹ አጠገብና በየፎቁ ነው።

የሁለት_ልጆች_እናት፦
ነገ ለየፎቁ ነው የምገዛው።

ብርዱ_በዛ፦
ሰዎች! ሠራ! ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ ለካ። ሽቦ_በሽቦ እንዳለው ነው፣ ሁለቱም 60 አካባቢ ይዋዥቁ ነበር። የፕለጉ ሽቦዎች ግን በቦታቸው ናቸው። ያቺን ማያያዣ ፕለግ ጄነሬተሩ ላይ ሰካት፣ እንደገና ለካ፣ አስነሳነው። እሳቱ ተያያዘ። ትንፋሼን ይዤ ቆጠርኩ፣ አልጠፋም። ቆይቶ ብሎወሩ ተነሳ፣ ሙቅ አየር መጣ። ልጆቹ አየር መውጫው ላይ ተሰብስበዋል።

ሽቦ_በሽቦ፦
ደስ ይላል። መብራት ሲመለስ ያ ገመድ እዚያው እንዳይረሳ። ፈርነሱ ወደ ራሱ መስመር ይመለስ፣ እሱንም ኤሌክትሪሻን ያድርገው። ለወደፊቱ በሰሌዳው በኩል ትራንስፈር ስዊች ብታስገባ ይህ ሁሉ አይኖርም።

ሞክሬው_ነበር፦
እኔም ሰው መጣልኝ። ሂት ኤክስቼንጀሩ ስንጥቅ አለው አለኝ፣ በካሜራ አሳየኝ። ፈርነሱ ይቀየራል። እስከዚያ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነን።

ዝምተኛው፦
የኔ ደግሞ ይሞቃል፣ ሳይጨርስ እሳቱ ይጠፋል፣ ንፋሱ ግን ይቀጥላል። ቆይቶ ራሱ ይነሳል።

የቱቦ_ሰው፦
ሊሚት ስዊቹ ነው፣ ማሽኑ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው። ፊልተርህን እይ። ቆሽሾ ይሆናል፣ ወይም ቀጭኗ ቦታ ላይ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ዓይነት ገዝተህ ይሆናል። አንዳንድ ሰው የፊልተሩን የማጣራት አቅም የሚያሳየው መርቭ ቁጥር በበዛ ቁጥር ጥሩ ይመስለዋል፤ ብሎወሩ ግን በእሱ ውስጥ መተንፈስ አለበት። የማትጠቀምባቸውን ክፍሎች አየር መውጫም አትዝጋ። ፊልተሩን ቀይረህ ካልተሻለው ሰው ይየው።

ዝምተኛው፦
ጥቁር ሆኗል። አዲሱ ላይ ቀስት አለ፣ ወዴት ይዙር?

የቱቦ_ሰው፦
አየሩ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ብሎወሩ። ስትቀይረው ፈርነሱ ጠፍቶ ይሁን፤ እየሳበ ካወጣኸው አቧራውን ሁሉ ወደ ውስጥ ይወስደዋል።